ሚረርለስ ከገዛችሁ በኋላ የድሮውን ካሜራ መሸጥ አለባችሁ?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሰርግ የምትቀርጹ ባለሙያዎች፣ ሚረርለስ ስትገዙ የድሮውን ካኖን ለመሸጥ አትቸኩሉ። ሰርግ በጥር ይደራረባል፤ ቀለበት ሲታሰር ካሜራው ቢቆም ሙሽሮቹን “ድገሙልን” ማለት አይቻልም። ለከባድ ብልሽት ደግሞ ጣርማበርን አቋርጦ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ቦዲ የሥራው አካል እንጂ ትርፍ ዕቃ አይደለም። የኢኤፍ ሌንሶቻችሁም በአዳፕተር አዲሶቹ የካኖን አርኤፍ ቦዲዎች ላይ ስለሚሠሩ፣ አንዱ የሌንስ ስብስብ ሁለቱንም ያገለግላል።

“ገንዘቡ ታስሮ ይቀመጣል፤ የካሜራው ዋጋም ይወርዳል” የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ነገር ግን የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ካሜራ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ዛሬ በሸጣችሁበት ብር ነገ ተመሳሳዩን መልሳችሁ ላትገዙ ትችላላችሁ።

መሸጥ የሚሻልበት ጊዜም አለ። ሌንሶቻችሁ ከአዲሱ ጋር የማይስማሙ ከሆነ ወይም ሻተሩ ብዙ ከሠራ አትያዙት። ካኖን የ5ዲ ማርክ 3 ሻተርን ለ150,000፣ የ6ዲን ደግሞ ለ100,000 ምት ፈትኗል፤ ወደዚያ የተጠጋውን ለገዢው ቁጥሩን በግልጽ ነግራችሁ ሽጡት። የምታስቀሩትን ካሜራ ከአቧራ ሸፍኑት፤ ባትሪውን አውጥታችሁ በግማሽ ቻርጅ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ የቆላ ሙቀት ያዳክመዋልና።