የሆድ ግጥሚያ

በካናዳ አገር፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር የተወደደ ፑቲን የሚባል ምግብ አለ። በተጠበሰ ድንች ላይ ለጋ አይብ ይበተንና ትኩስ የሥጋ መረቅ ይፈስበታል። በ1950ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ከገጠር ምግብ ቤቶች የተነሣ ነው፤ ዋሪክና ድራሞንድቪል የተባሉት ከተሞች ግን «ጀማሪው እኔ ነኝ» በመባባል ዛሬም አልተስማሙም።

አንዳንድ መጠጥ ቤቶች ታዲያ ይህንኑ በሰፊ ሳሕን ቆልለው ያቀርቡና፣ በተወሰነው ደቂቃ የጨረሰ በነጻ ይሄዳል፣ ያቃተው ሒሳቡን ይከፍላል ይላሉ። የአሸናፊው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባለቤቱ እምብዛም አይከስርም፤ ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ቢራውን ይጠጣለታልና።

እኛን ያስደነቀን የጨጓራው ነገር ነው። በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መብላት ሥራው የሆነውን አንድ ሰው በራጅ እያዩ ቢያበሉት በ10 ደቂቃ 36 ሆት ዶግ ዋጠ። ለማነጻጸሪያ የቀረበው ሰው በ7 በቃኝ ብሎ ነበር። የበላተኛው ጨጓራ እንደ ከረጢት ተለጥጦ ሆዱን ሞላው፤ እርሱ ግን ገና አልጠገብሁም ይላል! ሐኪሞቹ የፈሩት እንዲህ የተለጠጠ ጨጓራ አንድ ቀን መኰማተሩን ትቶ ምግብ ወደ ታች ማሳለፍ እንዳያቅተው ነው።

በዚህ ጨዋታ ታንቀው የሞቱም አሉ። ስለዚህ በታላላቆቹ ግጥሚያዎች ላይ የሕክምና ሰው ቆሞ ይጠብቃል። በመጠጥ ቤቱ ግን አጠገብ ያለው ሰዓት የሚቈጥረው አስተናጋጅ ነው።