ዓይነ ስውር ቡችላ ቤታችሁ ቢመጣስ?

አፉላ መሀል ከተማ ባሉት የቆዩ ፎቆች ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ዲራ አብረው የሚኖሩበት ቤት ጥቂት አይደለም። ልጁ ወታደር ነው፣ ልጅቷ ተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት ግን አያት ናቸው። ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ ከውሻ መጠለያ ቡችላ አቅፎ ሲመጣ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይሆንም። ቡችላው ዓይኑ የማያይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደህናው ሁሉ አልቆ ነው ወይ ይኼን ያመጣኸው የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙዎቻችሁ እንደምትገምቱት ላይሆን ይችላል። የማያይ ቡችላ ከወጣት ቤት ይልቅ የሽማግሌ ቤት ይስማማዋል።

መጀመሪያ ስለ ፍርሃቱ እናውራ። እዚህ የተወለዱ ልጆች አያታቸው ውሻ ሲያዩ መንገድ ሲቀይሩ ይስቃሉ። የሚያስቅ ነገር የለውም። ጎንደር ገጠር ውሻ የበረትና የጓሮ ጠባቂ ነው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ቀን ከእረኛ ጋር ይውላል፣ የሚያድረውም ደጅ ነው። የሚከትበው ሰው አልነበረም። አንድ ውሻ ካበደ መንደሩ ሁሉ ይታወካል። የተነከሰ ሰው ወይ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይሄዳል፣ ወይ ከተማ ወርዶ ለብዙ ቀናት ሆዱ ላይ መርፌ ይወጋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከዚህ በሽታ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይኼን በዓይኑ ያየ ሰው ውሻን ቢፈራ ዕውቀት ነው እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም።

እዚህ አገርም ቢሆን በሽታው አልጠፋም። በዕብራይስጥ ካሌቬት የሚሉት እሱ ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜኑ ሸለቆዎች፣ የእኛን የይዝራኤል ሸለቆ ጨምሮ፣ በቀበሮዎች ላይ ተነስቶ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ሕግ መኖሩ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከቆዳው ሥር ቺፕ ይገባለታል፣ ከዚያም ክትባቱና ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። ሰው ከነከሰ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። የተነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደህና አድርጎ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። እንግዲህ ልጁ ቡችላውን ይዞ በር ላይ ሲቆም፣ ዓይኑ ምን ሆነ ከማለታችሁ በፊት የክትባት ደብተሩን አሳየኝ በሉት።

ወደ ዓይኑ እንምጣ። ቡችላ ሁሉ ሲወለድ አያይም፤ ጆሮውም የተደፈነ ነው። ዓይኑ የሚከፈተው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ የእናቱን ጡት የሚያገኘው በሽታና በሙቀት ነው። ዓይኑ ሳይበራለት የቀረው ቡችላ እንግዲህ በጀመረበት መንገድ ይቀጥላል ማለት ነው። እኛ ሰዎች ዓይናችን ሲደክም እንደምናዝነው የማዘን ምልክት አይታይበትም። አፍንጫውና ጆሮው ይበቁታል፤ ምግቡን፣ በሩን፣ የእናንተን እግር ኮቴ ለይቶ ያውቃል።

ግን ዓይን የሚጠፋበት ምክንያት አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሲወለድ ዓይኑ ሳያድግ የቀረ ነው። አንዳንዱ መንገድ ላይ የጀመረው የዓይን ቁስል ሳይታከም ቀርቶ ነው። ዲስተምፐር የሚባለው በሽታም ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል፤ እሱ ግን ወደ ሌሎች ውሾች ይተላለፋል፣ በኋላም ነርቭ ይጎዳል። ስለዚህ ቬተሪናሩን ያመዋል ወይ፣ ይብስበታል ወይ፣ ወደ ሌላ ይተላለፋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ የሚያሠቃየው ከሆነ ሐኪሙ ዓይኑን እናውጣው ሊል ይችላል። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ሥቃዩን የሚገላግለው እሱ ነው።

አሁን ለምን የሽማግሌ ቤት እንዳልኩ ልንገራችሁ። የማያይ ውሻ ቤቱን በልቡ ይሸመድዳል። ከአልጋው እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ሶፋው የት እንደሚያልቅ ያጠናል። ዛሬ ወንበር እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚደረግበት ቤት ለእሱ በየቀኑ አዲስ ቤት ነው። የአያቶች ቤት ደግሞ ዕቃው ለዓመታት ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ምግቡም እንቅልፉም ሰዓት ያለው፣ ከጠዋት እስከ ማታም ሰው የማይጠፋበት ነው። ቡችላው የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። የውሃውን ሳህን አንድ ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ አታንሱት። ደረጃ ካለ ይዘጋ። ከመንካታችሁ በፊት ድምፅ አሰሙት፤ ተኝቶ ሳለ በድንገት የሚነኩት ውሻ፣ የሚያየውም ቢሆን፣ ደንግጦ ሊነክስ ይችላል።

ቋንቋውም ከእናንተ ቢሆን ምን ችግር አለው? ውሻ ዕብራይስጥ አማርኛ ብሎ አይለይም። «ቁም»፣ «ና»፣ «ደረጃ» የሚሉትን ቃላት ሁሉም የቤቱ ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ ከተናገራቸው ይማራቸዋል። ልጁ በዕብራይስጥ፣ አያት በአማርኛ ካዘዙት ነው የሚምታታው። በአማርኛ ይሁን ብላችሁ ድርቅ ብትሉ ልጆቹም አንዳንድ ቃል ይማራሉ።

ከቤታችን ልማድ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ቡና ነው። ረከቦቱም ጀበናውም ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ እሳቱም እዚያው ነው። ቡናው እስኪያልቅ ቡችላው ሌላ ክፍል በሩ ተዘግቶበት ይቆይ፤ ዕጣኑም ከበዛ አፍንጫውን ያውከዋል። ሁለተኛው ፍርፋሪ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ አይሰጠውም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀቱን ይወጋዋል። አገር ቤት ውሻው የተረፈውን ሁሉ ይበላ ነበር ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ግን ስንቱ በዚያ እንደሞተ ማን ቆጠረው?

ከቤት ሲወጣ አንገቱ ላይ ከሚታሰር ገመድ ይልቅ ደረቱን የሚይዘው ሪትማ ይሻለዋል፤ ገመዱ አንገቱን ሲጎትተው የዓይኑ ግፊት ይጨምራል። መሀል ከተማው ለሚያይ ሰው እንኳ ቀላል አይደለም። ኮርኪኔቱ ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል፣ አውቶቡሱ ይጮኻል፣ አፉላ ታዋቂ የሆነችበት የሱፍ ፍሬ ገለባም መሬቱን ይሞላዋል፤ ቡችላው ቆሞ እያሸተተ ሊያስመሽ ይችላል። በበጋ ደግሞ አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥላል። ጠዋት በማለዳ መውጣት ነው፤ ለዚህም ቢሆን ከሽማግሌ የሚቀድም የለም። ሳይረን ሲጮህ ግን፣ በ2024 እንደሰማነው ዓይነት፣ ቡችላው በራሱ እንዲሄድ አትጠብቁ። ልጁ አቅፎ ወደ ማማዱ ወይም ወደ ሚክላቱ ይውሰደው።

ስለ ውሻ ክፉ ተረት የበዛብን ይመስለኛል እንጂ መጻሕፍቱ እንዲያ ብቻ አይናገሩም። ኦሪት ከግብፅ በወጡበት ሌሊት ውሾቹ በእስራኤል ላይ ዝም እንዳሉ ትናገራለች። የጦቢትን ታሪክም ታውቁታላችሁ። ዓይኑ ላይ የወፍ ኩስ ወድቆበት ማየት የተሳነው ሽማግሌ ነው፤ ልጁ ጦብያ ለረጅም መንገድ ሲነሳ ውሻው ተከትሎት ይሄዳል። ዛሬ በቤት ዖቬድ፣ በ1991 የተመሠረተ፣ ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች የሚያሠለጥን ማዕከል አለ። ውሻ ሰውን ከመራ፣ ሰው የማያይ ቡችላ ቢመራ ምኑ ይገርማል?

ይኼ ሁሉ ሆኖ እምቢ ማለት የሚገባበት ጊዜ አለ። በምርኩዝ የምትሄዱ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ወድቃችሁ ዳሌያችሁን ተሰብራችሁ ከሆነ፣ እግር ሥር የሚሽከረከር ቡችላ አደጋ ነው። ልጁ ቢቆጣም ይቆጣ። ውሻ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል። ልጁ ከሠራዊት ሲወጣ ወይም ሲያገባ ማን ይወስደዋል? ምሽት ላይ ማን ያወጣዋል? የቬተሪናሩን ሒሳብ ማን ይከፍላል? ገንዘቡ ከጡረታችሁ የሚወጣ ከሆነ አሁኑኑ ይነገር። ብዙ መጠለያዎች ለሙከራ ያህል በኦምና፣ ማለትም በጊዜያዊ አደራ፣ ይሰጣሉ። ለወር ያህል መሞከር ያስችላል፤ ካልሆነም ያለ ኀፍረት ይመለሳል።

ከተስማማችሁ ልጁ መጠለያው ውስጥ ቡችላው የተኛበትን ጨርቅ ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ እንዳይታጠብ። የመጀመሪያው ሌሊት ያለቅሳል። ጨርቁን አልጋው ላይ አድርጉለት፤ የሚያውቀው ሽታ ለጊዜው እሱ ብቻ ነው።