ላቲንን ያለ አስተማሪ፦ በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ላቲንን ለብቻው ለመማር የተነሳ ሰው፣ መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ምን ማንበብ እንደሚፈልግ ይወስን። የቄሳርን የጦር ታሪክ ነው? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ቅዳሴ? ወይስ ስለ ኢትዮጵያ በላቲን የተጻፈውን? የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1681) የተጻፈው በላቲን ነው። የአውግስጦስ ዲልማን የግዕዝ መዝገበ ቃላትም (1865) ቃላቱን የሚፈታው በላቲን ስለሆነ፣ ግዕዝ የሚያጠና ሰው ላቲን ካልቻለ በቅጡ ሊጠቀምበት አይችልም።

የመማሪያ መጻሕፍቱ በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። አንደኛው ሰዋስውን ያስቀድማል። በ1956 የወጣው የፍሬደሪክ ዊሎክ መጽሐፍ በ40 ምዕራፎች ሕጉን በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ የእርባታ ሠንጠረዡን ያስጠናል፣ ከዚያ ያስተረጉማል። መጨረሻው ላይ መልስ ያላቸው መልመጃዎች አሉት፤ አራሚ ለሌለው ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው የዴንማርካዊው ሃንስ ኧርበርግ መንገድ ነው። «ፋሚሊያ ሮማና» በተባለው መጽሐፉ ከላቲን በቀር ሌላ ቋንቋ የለም። በካርታ ይጀምርና የአንድ ሮማዊ ቤተሰብን ኑሮ በ35 ምዕራፎች ይተርካል፤ አዲስ ቃል ሲመጣ ከሥዕሉ፣ ከዳር ማስታወሻው ወይም ከዐረፍተ ነገሩ ይገባል።

እኔ ለአብዛኛው ሰው ኧርበርግን እመርጣለሁ፤ ቋንቋው የሚለመደው በብዙ ንባብ ነውና። ሆኖም ግምት ስለሚያሳስት፣ የሰዋስው መጽሐፍ አጠገቡ ይኑር። የአለንና ግሪኖ ሰዋስው (1903) እና የሉዊስና ሾርት መዝገበ ቃላት (1879) የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። የስልክ መተግበሪያዎች ቃላት ለማስታወስ ይረዳሉ፤ ለብቻቸው ግን አያደርሱም።

አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጥሩ ስንቅ ይዞ ይነሳል። «ፊሊያ ማትረም አማት» ማለት «ልጅቷ እናቷን ትወዳለች» ነው። ግሱ እንደ እኛ መጨረሻ ላይ ነው፤ ማን እንደሚወድም በውስጡ ይዟል። «እናቷን» ላይ ያለው «ን» የሚሠራውን «ማትረም» ላይ «ም» ይሠራዋል። ስለዚህ «ማትረም ፊሊያ አማት» ቢባል የተወደደችው ያው እናቷ ናት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ለመልመድ ይቸገራል፤ እኛ ግን ቃል ሲቀያየር ባለቤቱ እንደማይጠፋ ከልጅነታችን እናውቃለን። የሚያደክመን የመድረሻዎቹ ብዛት ነው፤ የአማርኛው «ን» አንድ ሲሆን የላቲኑ እንደ ስሙ ዓይነትና ቁጥር ይለዋወጣል።

አነባበብ ላይ ብዙ አይጨነቁ። Cicero የተባለውን ሮማዊ ስም የጥንቱ አነባበብ «ኪኬሮ»፣ የቤተ ክርስቲያኑ «ቺቼሮ» ይለዋል፤ አንዱን መርጠው በዚያው ይጽኑ።

እያንዳንዱን ምዕራፍ ድምፅ አውጥቶ ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅማል። ከመስመሩ በላይ የአማርኛውን ፍቺ መጻፍ ግን ይጎዳል፤ ዓይን ወደ አማርኛው ይሄድና ላቲኑ ሳይነበብ ይቀራል። ፍቺውን ሌላ ደብተር ላይ ይጻፉት። ሁለት ምዕራፍ ተከታትሎ ከከበደም ወደፊት ከመግፋት ጥቂት ምዕራፎች ተመልሶ ማንበብ ይሻላል።

ከመማሪያው ሲወጡ፣ ቅዱስ ጀሮም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያረመውን የላቲን የዮሐንስ ወንጌል ይሞክሩ። ታሪኩን በአማርኛ ስለሚያውቁት ዐረፍተ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። ቄሳር ከዚያ በኋላ ይምጣ። ዓላማዎ ዲልማን ብቻ ከሆነ ግን በዊሎክ ይጀምሩ፤ የመዝገበ ቃላቱ ፍቺዎች አጫጭር ስለሆኑ ኮርሱን ሳይጨርሱም መግለጥ ይችላሉ።