ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ

ከባዕድ አገዛዝ ነፃ የወጣ አገር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሰንደቅ ዓላማውን ይሰቅላል፤ መዝሙሩንም ያሰማል፡፡ ይህ በአንድ ሌሊት የሚፈጸም ነገር ነው፡፡ የተፈጸመውን ግፍ በስሙ መጥራትና ለወደቁት ሰዎች ክብራቸውን መመለስ ግን ብዙ ዘመን የሚፈጅ ሌላ ሥራ ነው፡፡ የጐረቤታችን የኬንያና የራሳችን የመንዝ ታሪክ ይህን ያስረዳሉ፡፡

ኬንያ ነፃነቷን ያገኘችው በታኅሣሥ ወር 1956 ዓ.ም. ነው፡፡ ነገር ግን ስለ መሬታቸውና ስለ ነፃነታቸው በጫካ የተዋጉትን የማው ማው ሰዎች እንግሊዞች በሕግ አግደዋቸው ስለ ነበር፣ ይኸው እገዳ ከነፃነት በኋላም ሳይሻር 40 ዓመት ያህል ቆየ፡፡ አዲሱ መንግሥት በጫካ የተዋጋውና ለቅኝ ገዥው ያገለገለው ወገን በአንድ አገር ተስማምቶ ይኖር ዘንድ፣ ያለፈውን ይቅር ተባብሎ መርሳት ይሻላል የሚል መመሪያ ይዞ ነበርና፡፡

እገዳው የተነሣው በ1995 ዓ.ም. ነው፡፡ የካቲት 11 ቀን 1949 ዓ.ም. በስቅላት የተገደለው የዴዳን ኪማቲ ሐውልትም፣ ከሞተ ልክ በ50 ዓመቱ በናይሮቢ ከተማ ተመረቀ፡፡ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ለ5,228 ኬንያውያን ጉዳይ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ፤ በእስር ቤት ስለ ደረሰባቸው ሥቃይም ማዘኑን በፓርላማ ገለጸ፡፡ ለዚህ ያበቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፡፡ አንደኛው፣ በሕይወት የቆዩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ለፍርድ ቤት የሰጡት ቃል ነው፡፡ ሁለተኛው፣ በእንግሊዝ አገር ተሰውሮ ኖሮ በ2003 ዓ.ም. የተገለጠው የቅኝ ግዛት መዝገብ ነው፡፡

እኛስ? አገራችን እንደ ኬንያ ለረጅም ዘመን በቅኝ አልተገዛችም፡፡ የአምስቱ ዓመት ወረራ ግን ተመሳሳይ ዕዳ ትቶልን ሄዷል፡፡

ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ነበር፡፡ ከዚያ ዕለት እስከ ሚያዝያ 3 ቀን ድረስ የኢጣልያ ጦር በመንዝና ግሼ ምድር፣ ዘረት በተባለው ስፍራ አመጸኛ ዋሻን ከቦ ነበር፡፡ በዋሻው ውስጥ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች፣ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ተጠግተው ነበር፡፡ ጦሩ በመድፍና በመርዝ ጢስ አስጨነቃቸው፤ እጃቸውን ከሰጡትም ውስጥ 800 የሚያህሉትን በጥይት ፈጀ፡፡

የአገሩ ሰው ይህን ነገር አባት ለልጅ ሲነግረው ኖሯል፡፡ በውጭው ዓለም የተሰማው ግን፣ በ1998 ዓ.ም. ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ የጦሩን ወረቀት ከመዝገብ ቤት ፈልጎ ካወጣና ዋሻው ድረስ ሄዶ ካየ በኋላ ነው፡፡ ከዚያም ወዲህ የገቡ የጥንት ቅርስ አጥኚዎች የሰው አጥንትና የቤት ዕቃ ስብርባሪ በዋሻው ውስጥ አግኝተዋል፡፡

በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል፣ ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፡፡ የቆቃም ግድብ የተሠራው በኢጣልያ የካሣ ገንዘብ ነው፡፡ ይሁን እንጂ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በጦርነቱ የመርዝ ጢስ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፡፡ ይህም ማለት ገንዘቡ ቀድሞ ሲደርስ፣ እውነቱ ከውሉ 49 ዓመት ዘግይቶ መጣ ማለት ነው፡፡

ከኬንያ የምንማረው እንግዲህ ይህን ነው፡፡ መዝገብ በባዕድ እጅ ሊቈይ ይችላል፤ የምስክር ቃል ግን ያለው በአገር ልጅ አፍ ነው፤ እርሱም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፡፡ ከአመጸኛ ዋሻ የተረፉት አብዛኞቹ አልፈዋል፡፡ ከእነርሱ አፍ የሰሙ ልጆችና የልጅ ልጆች ግን አሉ፡፡ በራቤልና በመሐል ሜዳ የሚማር ወጣት አንድ ደብተር ይዞ ሽማግሌዎችን፣ «ከዘመዶቻችን በዚያ ዋሻ የቀረው ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ 800 ተብሎ በቁጥር ብቻ የሚነገረው ሕዝብ የአባቱንና የእናቱን ስም ይዞ ይገኛል፡፡ ይህን ለማድረግ የሮምን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም፡፡