ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ አፍላ ወጣቶችን የኑሮ ጥራት ስለመለካት

ለክትትል የምትመላለስ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድን እናስብ። በካርዷ ላይ የሰፈረው ሁሉ መልካም ነው፤ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከሚታየው በታች ወርዷል፣ ክብደቷ ጨምሯል፣ መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። «እንዴት ነሽ?» ስትባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ አያቷም ይህንኑ ያጸናሉ። ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳትና ከጓደኞቿ እንደራቀች ግን ካርዱ አይናገርም፤ «ደህና ነኝ» ሰላምታ እንጂ የሕመም ታሪክ አይደለምና።

በኢትዮጵያ ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ብዙ ሕፃናት ለአፍላ ወጣትነት በቅተዋል። ስለዚህ በሕይወት መቆየታቸውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚኖሩም መጠየቅ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን የሚተረጉመው፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ ሆኖ ስለገዛ ሕይወቱ ባለው ግንዛቤ ነው። እንግዲህ የሚለካው የልጁ የራሱ አመለካከት ሲሆን፣ የአሳዳጊው ምስክርነት ጠቃሚ ቢሆንም ሊተካው አይችልም። በተለይ ሐዘንና ፍርሃት ከውጭ አይታዩም፤ ወላጆቹን ያጣ ልጅ ደግሞ አያቱን ላለማስጨነቅ ሲል ይሸሽጋቸዋል።

በስፋት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ አሜሪካዊው ጄምስ ቫርኒ ያዘጋጀው ፔድስኪውኤል ነው። 23 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን 8ቱ አካላዊ ሁኔታን፣ 5ቱ ስሜትን፣ 5ቱ ማኅበራዊ ግንኙነትን፣ 5ቱ ትምህርትን ይመለከታሉ። ልጁ ባለፈው አንድ ወር እያንዳንዱ ችግር ምን ያህል እንዳጋጠመው ከ0 (በፍጹም) እስከ 4 (ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ) ይመልሳል። መልሱ ተገልብጦ 0 ወደ 100፣ 1 ወደ 75፣ 2 ወደ 50፣ 3 ወደ 25፣ 4 ወደ 0 ይለወጥና አማካዩ ይወሰዳል፤ ከፍ ያለ ነጥብ የተሻለ ኑሮን ያመለክታል።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ በትምህርት ዘርፍ 0፣ 0፣ 1፣ 1 እና 4 ቢመልስ ነጥቡ 70 ይሆናል። አማካዩን ብቻ ያየ ባለሙያ «ትምህርት ይከብደዋል» ሊል ይችላል። 4 የተሰጠው ግን «ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ከትምህርት መቅረት» ለሚለው ጥያቄ ከሆነ፣ ነጥቡን ያወረደው የእኛው የቀጠሮ ቀን ነው! ቀጠሮውን ትምህርት ወደሌለበት ቀን ማዛወር ከማንኛውም ምክር ይልቅ ይጠቅመዋል። ስለሆነም ከድምሩ ይልቅ ዝርዝሩ ይነበብ።

ትርጉሙም ጥንቃቄ ይሻል። በአማርኛ «መፍራት» አክብሮትንና ጨዋነትንም ስለሚጨምር፣ በሥርዓት ያደገ ልጅ «እፈራለሁ» ሲል ሥጋቱን ላይሆን ይችላል። ወደ አማርኛ የተመለሰውን መጠይቅ ሌላ ሰው መልሶ ወደ መነሻው ቋንቋ እንዲተረጉመው ማድረግ ጥሩ ነው፤ በጥቂት ልጆች ላይ «ይህ ጥያቄ ምን ማለት ይመስልሃል?» እያሉ መሞከር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ ይበልጣል።

ከሁሉም የሚከብደው የምስጢር ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት ዕድሜ የደረሱ ልጆች ውጤታቸው እንዲነገራቸው ቢመክርም፣ መድኃኒቱን «ለሳንባ ነው» ተብለው የሚውጡ አሉ። ፔድስኪውኤል በሽታውን በስም ስለማያነሣ ለእነዚህ ይሆናል፤ ኤች.አይ.ቪን በስም የሚጠቅስ መጠይቅ ግን ሳይታሰብ ምስጢሩን ያወጣል። ስለዚህ ልጁ የሚያውቀው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከአሳዳጊው ለብቻ ይጠየቅ፤ ከዚያም ልጁ አሳዳጊው በሌለበት ክፍል ይሙላ። በሐዘን ወይም በእንቅልፍ ጥያቄ ላይ 3 ወይም 4 የመለሰ ልጅም ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በዚያው ዕለት አማካሪ ዘንድ ይቅረብ።