በግጭት መካከል ጽጌረዳ ማምረት፦ የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች በኢትዮጵያ

በአምስተርዳም ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው ኦስዶርፕ በመደብሮች ደጃፍ ለሽያጭ የሚቀርበው ጽጌረዳ ከየት እንደመጣ ብዙውን ጊዜ አልተጻፈበትም። ከኢትዮጵያ የመጣ የመሆኑ ዕድል ግን ትንሽ አይደለም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ ስትሆን፣ አብዛኛው ምርቷም የሚያመራው ወደ ኔዘርላንድስ ነው።

ዝዋይ አጠገብ የተቀጠፈ ጽጌረዳ በማቀዝቀዣ ተሽከርካሪ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይጓዛል። ከዚያም በአውሮፕላን አውሮፓ ገብቶ፣ ከኦስዶርፕ ብዙም በማይርቀው በአልስሜር ለጨረታ ይቀርባል። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ቢራም ሆነ ሸሚዝ መጋዘን ገብቶ የተሻለ ቀን ሊጠብቅ ይችላል፤ አበባ ግን መንገድ ሲዘጋ ወይም በይነ መረብ ተቋርጦ የጭነት ሰነድ መላክ ሲያቅት ከነዋጋው ይጠወልጋል።

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ የታየው በነሐሴ 2016 መጨረሻ ነበር (ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በአማራ ክልል ተቃውሞ በተቀጣጠለበት በዚያ ወቅት ባሕር ዳር የሚገኘው የኔዘርላንድሱ ኤስሜራልዳ ፋርምስ እርሻ ተቃጠለ። ኩባንያው 10 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ መዋዕለ ንዋዩ መውደሙን ገልጾ፣ በዚያ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። በጥቅምት ወር ደግሞ መንግሥት በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። የውጭ ባለሀብት እርሻ የቁጣ ዒላማ የሆነው እንዲያው በአጋጣሚ አልነበረም። በብዙ ስፍራ የመሬትና የካሳ ቅሬታ ከተቃውሞው ጋር ተሳስሮ ነበር። አጥርና ጥበቃ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄም ይኸው ነው።

መድን እንኳ ሁልጊዜ አያድንም። የተለመደው የእሳት መድን በጦርነትና በሁከት የሚደርስን ጉዳት ባመዛኙ አይሸፍንምና፣ ኩባንያዎች ለፖለቲካ ሁከት የተለየ ውል ይገባሉ። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ሚጋም ለውጭ ባለሀብቶች እንዲህ ያለውን ዋስትና ይሰጣል። ውሉ ግን የባለቤቱን ሀብት እንጂ የአበባ ቀጣፊዋን የነገ ደመወዝ አይጠብቅም።

ለቅቆ መውጣትስ? ይህ የሚወሰነው ኩባንያው ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ነው። የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች፣ የአውሮፓ ማዕከሉ አምስተርዳም ነው፣ በኅዳር 2021 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት መባባስ ምክንያት ሐዋሳ የሚገኘውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የልብስ ስፌት ትእዛዝ ወደ ሌላ አገር ሊዛወር ይችላል። የአምስተርዳሙ ሃይኔከን ግን በመጋቢት 2022 ከሩሲያ እወጣለሁ ካለ በኋላ መውጫው 17 ወራት ያህል ፈጀበት። በነሐሴ 2023 ንብረቱን ለሩሲያው አርኔስት በ1 ዩሮ ሸጠ፤ ኪሳራውንም 300 ሚሊዮን ዩሮ ገመተ። በስምምነቱ መሠረት ገዥው ለ1,800 ያህል ሠራተኞች የሦስት ዓመት የሥራ ዋስትና ሰጥቷል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ለነበሩት ሠራተኞች የዚህ ዓይነቱ ዋስትና ቢኖር ኖሮ ታሪኩ የተለየ በሆነ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሃይኔከን በ2011 የገዛቸውን የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎች ይዞ ቆይቷል፤ ቂሊንጦ ላይም ሌላ ገንብቷል። ኩባንያው የቢራ ገብስ ከአገር ውስጥ ገበሬዎች ለመግዛት ያደረገው ጥረት የውጭ ምንዛሪ እጥረትን ለመቋቋም ያግዛል። በሌላ በኩል ገብሱ የሚጓዝበት መንገድ ሰላም መሆን ይኖርበታል።

በባሕር በኩልም ሥጋቱ አልቀረም። ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ በሁቲዎች ጥቃት ሳቢያ ታላላቅ የመርከብ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲዞሩ፣ ከእስያ ወደ ሮተርዳም የሚደረገው ጉዞ ከ10 ቀናት በላይ ረዘመ። የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ ደግሞ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ጽጌረዳው በአየር ቢጓዝም የእርሻው ማዳበሪያና የግሪን ሃውሱ ፕላስቲክ በመርከብ ነው የሚመጡት፤ የጭነት ዋጋ በናረ ቁጥርም ልዩነቱ ከእርሻው ወጪ ላይ ይደመራል።