ከቴሌቪዥን ወደ ወረቀት የተሻገሩት ሦስቱ ልጃገረዶች

ፍቅርን፣ ትዕግስትንና ፍትሕን ታውቋቸዋላችሁ? «ጥበብ ገርልስ» የሚባሉት የአኒሜሽን ጀግኖች ናቸው። ልዩ ኃይል አላቸው፤ የሚዋጉት ግን ከሌላ ፕላኔት የመጣ ወራሪን አይደለም። ያለዕድሜ ጋብቻን፣ የሴት ልጅ ግርዛትን፣ የወር አበባዋን ባየች ልጅ ላይ የሚወርደውን ነቀፌታ ነው የሚገጥሙት። ሴት ልጆችን ባለ ልዩ ኃይል ጀግኖች አድርጎ ያቀረበ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አኒሜሽን ነው። ሦስቱ ልጆች በኮሚክ መጽሐፍም ይነበባሉ፤ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚሁ የወረቀት ሕይወታቸው ነው።

የፈጠረቻቸው ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለውን ድርጅት መሠረተች፤ በዓመቱ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ፕሮግራም በኢቲቪ መታየት ጀመረ። የፕሮግራሙ ባለታሪክ፣ ጠያቂዋ ቀጭኔ ፀሐይ፣ ያደገችው በባልና ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ነው፤ በ2008 ደግሞ ጃፓን ፕራይዝ የተባለውን ሽልማት አሸንፋለች።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። የሚንቀሳቀስ ሥዕል እንዴት ቆሞ ይነበባል? አኒሜሽን በአንድ ሴኮንድ እስከ 24 ምስል ያሳልፋል፤ ኮሚክ ከዚያ ሁሉ አንዷን ብቻ ይመርጣል። አንዲት ጀግና ከአጥር ላይ ዘላ ጠላፊዎችን ስታስቆም አስቡ። በመጀመሪያው ክፈፍ እግሯ ከአጥሩ ሲነሳ ይሣላል። በሁለተኛው በጠላፊዎቹ ፈረሶች ፊት ቆማለች። ዝላዩ ራሱ ግን የትም አልተሣለም! በሁለቱ ክፈፎች መካከል ባለው ነጭ ክፍተት ላይ የዘለለላት አንባቢው ነው። ለዚህ ነው ኮሚክን የቴሌቪዥን ግልባጭ አድርጎ የሚያይ ሰው የሚያስቆጨኝ፤ የሥራው እኩሌታ ለልጁ አእምሮ የተተወ ነው።

ከስክሪን ወደ ወረቀት ለመሻገር በውጭ ያለው ታላቁ ምሳሌ ባትማን ነው። በ1992 «ባትማን፦ ዘ አኒሜትድ ሲሪስ» በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጀመረ፤ በዚያው ዓመት «ዘ ባትማን አድቬንቸርስ» የተባለው ኮሚክ ከእሱ ተቀድቶ ታተመ። ሃርሊ ክዊን ዛሬ በዓለም የታወቀች ገጸ ባሕርይ ናት፤ የተወለደችው ግን ኮሚክ ላይ ሳይሆን ፖል ዲኒና ብሩስ ቲም በሠሩት በዚያ ካርቱን ውስጥ ነው። ሁለቱ በ1994 እንዴት ለባትማን ጠላት ለጆከር እንደተማረከች የሚተርከውን «ማድ ላቭ» በኮሚክ አወጡ፤ አይዝነር የተባለውን ሽልማት አገኘ። በ1999 ደግሞ ያው ታሪክ ተመልሶ የቴሌቪዥን ክፍል ሆነ። ስክሪኑ የጎደለውን ወረቀቱ ሞላለት ማለት ነው።

የእኛዎቹ ሦስት ልጆች ግን ወረቀት የሚያስፈልጋቸው ከዚህ በበረታ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ቴሌቪዥን ሳሎን ነው ያለው። አባት አለ፣ ወንድሞች አሉ፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ገብቷል። ስለ ወር አበባ ሲነሳ ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች፣ ወይ አንዱ ጣቢያውን ይቀይረዋል። ኮሚኩን ግን ደብተሯ ውስጥ ሸጉጣ ለብቻዋ ታነባለች። ያልገባትን ገጽ ሁለቴ ሦስቴ ታየዋለች፤ ለጓደኛዋ ታውሳለች። መብራት ቢጠፋም አይቋረጥባትም።

ልጆቹ የሚዋጉት ችግር ለእኛ ለአዳማ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ከዚህ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አሰላ ስትደርሱ አርሲ ናችሁ። በ1996 በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ቀረበች፤ ራሷን በመከላከሏ ነፃ ወጣች። በ2014 የታየው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም መነሻው ይኸው ነው። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል ነው አለ፤ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ አግብቶ ከቅጣት የሚያመልጥበትን የቀድሞውን ቀዳዳም ደፈነ። ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሰፍሯል። የ12 ዓመት ልጅ ግን ነጋሪት ጋዜጣ አታነብም፤ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ታነባለች።

ታዲያ የእኛ ከተማ በኮሚክ ብትሣል ምን ትመስላለች? የሚያጓጓኝ ይህ ነው። ከአዳማ ዳር በሁለተኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 102 ተርባይኖች ቆመዋል። በአኒሜሽን የእያንዳንዱን ክንፍ ሽክርክሪት ማንቀሳቀስ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። በወረቀት ላይ ግን አንድ ጎበዝ ሠዓሊ ሁሉንም በአንድ ሰፊ ገጽ ላይ አቁሞ፣ ፍትሕን ከጫፋቸው ላይ ሊያስቀምጣት ይችላል። በስክሪን ሳያልፉ በቀጥታ በወረቀት መጀመርም እንደሚቻል በ2018 የወጣው የኤታን ኮሚክስ «ጀምበር» አሳይቷል፤ የብስራት ደበበ ሥራ ነው።

በአዳማ ደግሞ መጽሐፉ በሁለት ቋንቋ መውጣት አለበት፤ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ የሚያወራ ብዙ ልጅ አለ ብል ማንም አይከራከረኝም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላሰበው የሙያ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ሆሄ ስለሚይዝ ንግግሩ በትንሽ ቦታ ይገባል። ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ ግን አናባቢውን ለብቻ ይጽፋል፣ ድምፁ ሲረዝም ይደግመዋል፣ ሲጠብቅም ተነባቢውን ይደግማል። ለአማርኛው ልክ የተሣለ የንግግር ፊኛ ለኦሮምኛው ይጠባል፤ ቃላቱ ይጨናነቃሉ ወይም የገጸ ባሕርይዋ ፊት ይሸፈናል። ስለዚህ የሥዕል እጅ ያላችሁ የአዳማ፣ የወንጂ፣ የመቂና የሻሸመኔ ልጆች፣ እርሳስ ስታነሡ ፊኛውን ከመጀመሪያው ለኦሮምኛው ስፋት ለክታችሁ ሣሉት፤ አማርኛው በውስጡ ተመችቶት ይቀመጣል።